ሲፊንን ወጥቶ ረግረጉን አቋርጦ መመለስ፦ ደረጃ በደረጃ

ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን በስተ ደቡብ ወደሚገኙት የዊክሎ ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት በዳገቱ አይደለም። የምንወጣቸው ሁለቱ ተራሮች፣ ሲፊን 621 ሜትር፣ ሲፊንጋን 723 ሜትር ናቸው። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል፤ ከተማው ራሷ ከሁለቱም ከሦስት እጥፍ በላይ ትበልጣለች። እኔም ስቄ ነበር። እዚህ ሰውን የሚጥለው ዳገቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነው፤ አናቱ ውሃ የጠገበ ረግረግ፣ ጉሙም ሳይታሰብ የሚወርድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከመንገዱ ተነስቶ በሲፊን በኩል ሲፊንጋን ደርሶ በመጣበት ለመመለስ ነው። ደርሶ መልሱ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት ሰዓት መድቡለት።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ዝናብ ሳይጥል ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ቀን ያለፈበትን ጊዜ ጠብቁ። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ወቅት ከሁሉ ይሻላል። በክረምት ውርጭ ሲጠነክር ረግረጉ በብርዱ ይጠጥርና እንደ ሲሚንቶ ይሆናል፣ ለመራመድም ይመቻል፤ ነገር ግን ስስ በረዶ ላይ እምነት አትጣሉ፣ ከሥሩ ያለው ያው ውሃ ነው።

ማታ ላይ የአየር ትንበያውን ስታዩ የከተማውን ሙቀት ብቻ አትመልከቱ። ስድስት መቶ ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ሌላ አገር ነው። አናቱ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ ከተተነበየ ወይም ደመናው ዝቅ ብሎ እንደሚውል ከተነገረ ቀኑን ቀይሩ። ተራራው የትም አይሄድም።

የብርሃኑን ነገር ደግሞ አደራ። አገር ቤት ፀሐይ በ12 ሰዓት ወጥታ በ12 ሰዓት ትገባለች፤ ሰውነታችን ያንን ለምዷል። በአየርላንድ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። በዚያ ወር የምትወጡ ከሆነ ጎህ ሲቀድ መኪናው ዘንድ ተገኙ።

ደረጃ 2፦ ጥጥ የሆነውን ሁሉ ቤት ተዉ

ጂንስ፣ የጥጥ ካልሲ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋቢ። ጋቢ በደረቅ ብርድ የሚስተካከለው የለም፤ ሲረጥብ ግን ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ሙቀታችሁንም ይመጠዋል። አንድ ወዳጄ ሁለት ድርብ ጋቢውን ጠቅልሎ ይዞ ወጥቶ፣ ሲመለስ ከዕቃው ሁሉ የከበደው እሱ ነበር። በምትኩ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ልበሱ።

መያዝ ያለባችሁ፦

- ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና በገመድ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር ቡት። ሰፊ የጎማ ቦቲ አይሆንም፤ ጭቃው ከእግራችሁ አውልቆ ያስቀረዋል።
- ከቡቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ የእግር መሸፈኛ። እዚህ ጌተር ይሉታል።
- ዱላ። የተራራ ዱላ ከሌላችሁ የመጥረጊያ እንጨትም ይሠራል፤ ቁም ነገሩ ከወገብ በላይ ርዝመት ይኑረው።
- ባርኔጣ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ቅያሪ ካልሲና ሹራብ።
- የግንባር መብራት፣ ፊሽካ፣ የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የተሞላ ስልክ።
- ስንቅ። ሱቅ ገብታችሁ ውድ የጉልበት ምግብ አትግዙ። ዳቦ ቆሎና በስኳር የተጨበጠ በሶ ከየትኛውም ይበልጣሉ፤ አይረጥቡም፣ በቆፈን በደነዘዘ ጣት እንኳ ይበላሉ። በፔርሙዝ ጣፋጭ ሻይ ጨምሩ።

ከሦስት ሰው በታች አትሂዱ። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ አንዱ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ሥሩት

ጉም ውስጥ ካርታ ማንበብ የሚማር ሰው የለም። ከአንድ ቀን በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። የዊክሎን ተራሮች የሚያሳየው የአየርላንድ መንግሥት ካርታ ባለ 1፡50,000ው ቁጥር 56 ነው።

1. ሲፊንን፣ ሲፊንጋንን እና በስተ ምሥራቅ ያለውን ኪፕዩር የተባለ ተራራ ፈልጋችሁ በእርሳስ አክብቡ።
2. ከሲፊን ወደ ሲፊንጋን ያለውን አቅጣጫ በኮምፓስ ለኩ፤ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሰሜን ምሥራቅ ታገኛላችሁ፣ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የመመለሻውን ዲግሪ ለማግኘት 180 ደምሩበት። ሁለቱንም ቁጥሮች በካርታው ጠርዝ ጻፉ።
3. ጊዜውን አስሉ። በተስተካከለ መንገድ የተለመደው ስሌት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት ነው። ረግረጉ ላይ ግን በሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አታስቡ።
4. የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። የትም ብትደርሱ በዚያ ሰዓት ፊታችሁን ታዞራላችሁ።
5. ለማይሄድ ሰው መንገዱንና የመመለሻ ሰዓቱን በጽሑፍ ላኩ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ «9 ሰዓት ላይ እንወርዳለን» ብለው በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፣ አየርላንዳዊው ጎረቤት ደግሞ ማታ 9 ሰዓት መስሎት እስከዚያ ድረስ ሳይጨነቅ ይቀመጣል። በአገሩ አቆጣጠር፣ «15፡00» ብላችሁ ጻፉ።

ስልካችሁ ላይ ካርታ ብትጭኑ ጥሩ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት እንደሚከፈት ቤት ፈትሹ። ብርድ ባትሪ ስለሚገድል ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት።

ደረጃ 4፦ መኪናውን አቁሙና ባንዲራውን ተመልከቱ

እግሩ ድረስ የሚያደርስ አውቶቡስ ስለሌለ መኪና ያስፈልጋል። መነሻው በተራራው ምዕራብ በኩል የሚያልፈው ጠባብ የገጠር መንገድ ነው። የደኑ የብረት በር ፊት መኪና አታቁሙ፤ የእሳት አደጋና የነፍስ አድን መኪና የሚገባው በዚያው ነው። መቀመጫ ላይ የሚታይ ዕቃ አትተዉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ግራ ተመልከቱ። በሲፊንና በሲፊንጋን ሰሜናዊ ጎን ያለው ሸለቆ የአየርላንድ ጦር የኪልብራይድ ተኩስ መለማመጃ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ተኩስ አለ ማለት ነው። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎቹ የቆሙበትን መስመር ባንዲራ ኖረም አልኖረም አትለፉ፤ መሬት ላይ የቀረ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ብረታ ብረት ካያችሁ በእግራችሁም አትንኩ። ይህን አስቀድማችሁ አስታውሱ፤ ጉም ሲወርድ «በአቋራጭ ወደ ሸለቆው እንውረድ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ወደዚያው ነው።

ደረጃ 5፦ ወደ ሲፊን ውጡ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የደኑን ጠርዝ ይዛችሁ ዳገቱን ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ከዛፎቹ በላይም በእግር የተረገጠው መንገድ አናቱ ድረስ ያደርሳችኋል። እየተነጋገራችሁ ለመሄድ በሚያስችል ፍጥነት ሂዱ። ላብ ማውጣት ሲጀምራችሁ ሹራብ አውልቁ፤ አናት ላይ ነፋስ የሚመታው ያንን ላብ ነው።

ዛፎቹ ሲያልቁ ዞር በሉና የመጣችሁበትን ተመልከቱ። ስትመለሱ የምታዩት ይህንን ገጽ ነው። ብዙ ሰው ሲወጣ ጀርባውን ብቻ ለመንገዱ ሰጥቶ ይሄድና ሲመለስ «ይህን አላየሁትም» ይላል።

ደረጃ 6፦ ጥንታዊው የድንጋይ ክምር ላይ ሥርዓት ጠብቁ

የሲፊን አናት ላይ የምታገኙት ትልቅ የድንጋይ ክምር እረኛ የካበው ምልክት አይደለም፤ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መቃብር ነው። በድንጋይ የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ወደ መካከለኛው ክፍል ያስገባል።

- ክምሩ ላይ አትውጡ። የመካከሉ ክፍል ጣሪያ ወድቆ ከላይ ክፍት ነው፣ ድንጋዮቹም ይንከባለላሉ። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ረግረግ ላይ ብቻ አይደለም።
- መግባት የሚፈልግ ሰው ቦርሳውን አውልቆ፣ መብራት ይዞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ይግባ፤ አንድ አንድ እየሆናችሁ። ተሸካሚ ድንጋዮቹን አትግፉ፣ አትደገፉባቸው። ሻማ፣ እሳትና ጽሑፍ ክልክል ነው።
- ድንጋይ አታንሱ፣ አትጨምሩም። ከነፋስ ለመከለል ከክምሩ ድንጋይ ወስዶ መካብ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ማፍረስ ነው። ነፋሱ ካስቸገራችሁ ክምሩን ተጠግታችሁ ነፋስ በማይመታው ጎን ተቀመጡ፣ ያ ይበቃል።
- ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዛችሁ አትምጡ፤ ያለ ፈቃድ በወንጀል ያስጠይቃል። ወርቅ ለሚያልመው ደግሞ፦ ቦታው በ1931 እ.ኤ.አ. በባለሙያ ተቆፍሮ አጥንት እንኳ አልተገኘበትም።

እዚህ ሻይ ጠጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ አየሩን አጢኑ። ሲፊንጋን ላይ ያለው ሁለተኛው ክምር በዐይን የማይታያችሁ ከሆነና ከመካከላችሁ በኮምፓስ የመራ ሰው ከሌለ ጉዞው እዚህ ያበቃል። ወደ ታች።

ደረጃ 7፦ ረግረጉን አቋርጡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከእግራችሁ በታች ያለው አፈር ሳይሆን ፒት የሚባል፣ ለሺህ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ክብደቱን ብታስሉት አብዛኛው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ቀጥታ መስመር የሚባል የለም። ኮምፓሱ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል፤ የት እንደምትረግጡ የሚነግራችሁ ግን ቀለም ነው።

*ቀለሙን አንብቡ*

- ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ፦ ሄዘር ነው፣ የእኛ አስታ ዘመድ። ደረቅ ስለሚወድ እሱን እርገጡ።
- ቄጠማ፦ አገር ቤት ቄጠማ የት እንደሚታጨድ ታውቃላችሁ። እዚህም ያው ነው፣ ውሃ አለ። የቄጠማውን ሥር እርገጡ እንጂ በቄጠማዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አትርገጡ።
- የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ አበባ፦ እርጥብ ነው። በዱላ ሳትፈትሹ አትለፉ።
- ዐይን የሚስብ፣ ደማቅ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምንጣፍ፦ ስፋግነም የተባለው ስፖንጅ መሰል ተክል ነው። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፣ ከሁሉ የሚያሰጥመውም እሱ። ዞራችሁ እለፉ።
- ምንም ያልበቀለበት ጥቁር ልሙጥ ጭቃ፦ ሲደርቅ ይሸከማል፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት አይሸከምም።

*አረማመድ*

1. ዱላውን አስቀድሙ፤ ሳይገፋ ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ሌላ ቦታ ፈልጉ።
2. ረጅም እርምጃ አትራመዱ፣ አትዝለሉም። የዘለለ ሰው ክብደቱን ሁሉ በአንድ እግር ላይ ያሳርፋል።
3. የፊተኛውን ሰው ኮቴ በጭፍን አትከተሉ፤ አንድ ጊዜ የተሸከመ ሣር በሦስተኛው ሰው ይቀደዳል። ሁለት ሁለት ሜትር ተራራቁ።
4. አጋዘንና በግ የረገጡትን ቀጭን መንገድ አትመኑ። እነሱ የሚሄዱት ወደ ሣር ነው፣ እናንተ የምትሄዱት ወደ ሲፊንጋን።
5. ለማለፍ ብላችሁ በዞራችሁ ቁጥር ወዲያው ኮምፓሱን ተመልክታችሁ ወደ መስመራችሁ ተመለሱ። ሁልጊዜ በአንድ ወገን መዞር ሳታውቁት ከመንገድ ያወጣችኋል፤ አንዱን በቀኝ ከዞራችሁ ቀጣዩን በግራ።

*ጥቁር ገደል ሲያጋጥም*

አንዳንድ ቦታ ፒቱ በውሃ ተበልቶ ቁመተ ሰው የሚያክል ጥቁር ግድግዳና ቦይ ሠርቷል። ከአናት ወደ አናት ልዝለል ማለት የጀማሪ ሥራ ነው። ወደ ቦዩ ወርዳችሁ ወለሉን ተመልከቱ፤ ነጣ ያለ የድንጋይ አሸዋ ከታየ ፒቱ ታጥቦ የግራናይቱ ጠጠር ወጥቷል ማለት ነው፣ ከአካባቢው ሁሉ ጠንካራው መሬት እሱ ነው። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሌላ መሻገሪያ ፈልጉ።

*ከሰጠማችሁ*

እኔ የሰጠምኩት በደማቁ አረንጓዴ ላይ ነው፤ ሣር መስሎኝ። ግራ እግሬ እስከ ታፋዬ ገባ። ያስተማረኝም ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ነው፤ ቀኝ እግሬን ተክዬ ግራውን በኃይል ስመዘው ቀኙም ገባ። በመጨረሻ ስወጣ ግራ እግሬ ካልሲ ብቻ ነበር። ደረቴ ላይ ተኝቼ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ቡቱን ስፈልግ ውሃው እንደ ቀዘቀዘ ቡና ጠቁሮ አጠገቤ ተንጣልሎ ነበር። ቡቱ ተገኘ፤ ማሰሪያውን ላላ አድርጌ ስለነበር ነው የወለቀው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቁሙ። መወራጨት ያሰምጣል።
2. ቦርሳውን አውልቃችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።
3. ዱላውን መሬት ላይ አጋድሙና በክንዳችሁና በደረታችሁ ተደገፉበት። የተዘረጋ ክብደት አይሰምጥም።
4. የገባውን እግር ወደ ላይ አትጎትቱ። ውሃ በዙሪያው እንዲገባ ቁርጭምጭሚታችሁን ወዲያና ወዲህ አነቃንቁ፤ «ጥሽሽ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጭቃው ለቋል ማለት ነው።
5. ተኝታችሁ ወደ መጣችሁበት ውጡ። የመጣችሁበት መሬት እንደሚሸከም አይታችኋል፣ የፊተኛውን ግን አላያችሁትም።
6. ጓደኛ ለመርዳት ሲመጣ ዱላ ወይም ጃኬት ይወርውር፤ ጠርዙ ድረስ አይቅረብ።

ደረጃ 8፦ ሲፊንጋን ላይ ተመለሱ

ሁለተኛውን ታላቅ ክምር ስትደርሱ ግባችሁ ተሳክቷል። የሲፊን ሕግ እዚህም ይሠራል። ደግሞም ይህኛው ስላልተቆፈረ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ከዚያ ቀና ስትሉ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የኪፕዩር የቴሌቪዥን ማማ ይታያችኋል፤ 757 ሜትር ላይ የቆመ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ የሚመስል። ብዙዎቹን የሚያጠፋቸው ይህ ማማ ነው። ርቀቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በመካከሉ ያለው መሬትም ከመጣችሁበት በእጅጉ የከፋ ረግረግና ጥቁር ገደል ነው። «ይኸው እዚህ ነው» ብለው ተነስተው ግማሽ መንገድ ላይ የመሸባቸው አውቃለሁ። የሲፊንጋንን ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ካልጨረሳችሁ ወደ ኪፕዩር አትነሱ።

ስትመለሱም ከክምሩ ከመነሳታችሁ በፊት ኮምፓሱን ተመልከቱ። ወደ ሰሜን፣ ኮሪግ ወደተባለው ተራራ የሚሄድ ሌላ የእግር መንገድ አለ፤ በጨዋታ መካከል ያንን ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። የእናንተ አቅጣጫ ደቡብ ምዕራብ ነው።

ደረጃ 9፦ ጉም ከወረደ

1. ባላችሁበት ቁሙ፣ ተሰብሰቡ፣ ልብስ ጨምሩ። ያላችሁበትን ቦታ ካርታው ላይ አሁኑኑ ምልክት አድርጉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይህን ማወቅ አትችሉም።
2. ጽፋችሁ የያዛችሁትን የመመለሻ ዲግሪ ኮምፓሱ ላይ ሙሉት። ኮምፓሱን ከስልክና ማግኔት ካለው የጓንት ቁልፍ አርቁ፤ መርፌውን ያሳስታሉ።
3. አንዱ ሰው በዲግሪው መስመር ለዐይን እስከሚታይ ርቀት ወደ ፊት ይሂድና ይቁም። ኮምፓስ የያዘው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያስተካክለው። ሌሎቹ ይድረሱበት። ድገሙት። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አያሳስትም።
4. ቁልቁለቱ ከጠበቃችሁት በላይ ከጠነከረ ወይም መውጣት ሲገባችሁ እየወረዳችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በኮቴያችሁ ተመለሱ።
5. ወደ ሰሜኑ ሸለቆ አትውረዱ። ምክንያቱን በደረጃ 4 ላይ አንብባችኋል።

ደረጃ 10፦ ብርድ የመታው ወይም የተጎዳ ሰው ካለ

አንድ ሰው ዝም ካለ፣ ከተደናቀፈ፣ ምላሱ ከተኮላተፈ ወይም ዚፑን መዝጋት ካቃተው ቆፈን ብቻ አይደለም፤ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ነው። «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት። ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፣ ቦርሳ ላይ አስቀምጡት፣ ጣፋጭ ሻይ አጠጡት። እጁን እግሩን አትሹ፣ አልኮል አትስጡ። መንቀጥቀጡ ያለ ምክንያት ከቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ባሰበት ማለት ነው፤ ወዲያው ደውሉ።

በ112 ወይም በ999 ደውሉና «ማውንቴን ረስኪው» በሉ። ያላችሁበትን ቦታ በካርታው የመስመር ቁጥር (ግሪድ ረፈረንስ)፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የጉዳቱን ዓይነት ንገሩ፤ ከዚያ ስልኩን ለሌላ ጥሪ አትጠቀሙበት፣ ከቦታችሁም አትነሱ። ስልክ እምቢ ካለ ፊሽካውን በደቂቃ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። ሦስት ጊዜ የሚመልስ ፉጨት ከሰማችሁ ሰምተዋችኋል፤ እስኪደርሱባችሁ ንፉ።

ከወረዳችሁ በኋላ

መንገዱን ለነገራችሁት ሰው መውረዳችሁን ወዲያው አሳውቁ፤ የነፍስ አድን ቡድኑ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ እናንተ ቤታችሁ እራት እየበላችሁ ጉም ውስጥ አያድር። ማታ ከጉልበት ጀርባና ከብብት መዥገር ፈልጉ፤ ከተገኘ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳ ተጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ንቀሉት፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቦታው ላይ የሚሰፋ ቀይ ክብ ከወጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቡቱን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡና ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ይልቅ ጋዜጣውን ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቀይሩለት።